ገንዳው ውስጥ የሚዋኘው ማነው?

ለጥቂት ቀናት ክሎሪን ያልገባበት የመዋኛ ገንዳ ባዶውን አይቆይም። ማታ መብራት የሳባቸው ጥንዚዛዎች ይወድቁበታል፤ ግድግዳው አረንጓዴ ሲለብስ አልጌ የሚመገቡት ይመጣሉ፤ እነሱን የሚበሉት ደግሞ ይከተላሉ። ብዙም ሳይቆይ ልጆች «ውሃው ውስጥ የሆነ ነገር አለ!» እያሉ ይወጣሉ። ባለቤቱም ያንን «የሆነ ነገር» አንዴ ያየውና ወይ ደንግጦ ያገኘውን ፀረ ተባይ ይደፋበታል፣ ወይ «ትል ነው» ብሎ ያልፈዋል። የመጀመሪያው ለዋናተኛው አደገኛ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ አንዳንዴ ለሰፈሩ በሙሉ።

በአንድ ኩሬ ውስጥ አንዱ የትንኝ እጭ እየለቀመ ይበላል፤ ሌላው የዋናተኛን ጣት ይወጋል፤ ሦስተኛው ማንንም ሳይነካ አልጌውን ይግጣል፤ አራተኛው ከሳምንት በኋላ ክንፍ አውጥቶ ወባ ሊያስተላልፍ ይችላል። እነዚህን ለመለየት ላቦራቶሪም ሆነ የላቲን ስም መሸምደድ አያስፈልግም። ስሙን ከመጠየቅ በፊት ከየት እንደሚተነፍስ መጠየቅ ይቀድማል። የውሃ ነፍሳት ዝርያቸው ከየብስ የመጣ ነው። አብዛኞቹ ካደጉ በኋላ ዛሬም አየር የሚወስዱት ከላይ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ወገን አየር የሚያገኝበት የራሱ ዘዴ አለው። ማንነቱን የሚያጋልጠውም ይኸው ዘዴ ነው።

ዕቃው ከኩሽና ይወጣል

ነጭ ሳህን ወይም ጥልቀት የሌለው ነጭ ሳፋ፣ የሻይ ማጥለያ፣ ክዳን ያለው የመስታወት ብልቃጥ፣ ማንኪያና የስልክ ካሜራ ይበቃሉ። ከሁሉም የሚበልጠው ነጩ ሳህን ነው፤ በባልዲ ውስጥ ፈጽሞ የማይታይ እጭ ነጭ ነገር ላይ ሲሆን እያንዳንዱ እንቅስቃሴው ይለያል። ማጥለያውን ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ይሰሩት። ከዚያ በኋላ ግን ወደ ሻይ ጀበናው እንዳይመለስ ለቤቱ ሰው ሁሉ ይንገሩ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ፍለጋው በመዋኛ ገንዳ ሳይሆን በተፈጥሮ ኩሬ ወይም በሐይቅ ዳር ከሆነ እግርዎን ውሃው ውስጥ አይንከሩ። ጣና፣ ዝዋይና ሐዋሳን ጨምሮ በብዙ የኢትዮጵያ ውሃዎች ዳርቻ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ይኖራሉ፤ ጥገኛ ተውሳኩም በቆዳ በኩል ነው የሚገባው። ከደረቅ መሬት ሆነው በእንጨቱ ይጭለፉ፤ ጓንትም ያድርጉ።

መጀመሪያ ሳይነኩ ይመልከቱ

ማጥለያውን ከመስደድዎ በፊት ጥቂት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡና ነፍሳቱ የት እንዳለ ይዩ፤ ከውሃው በላይ፣ ከገጹ ሥር ተንጠልጥሎ፣ መሐል ላይ ወይስ ከታች ጭቃው ውስጥ? ይህ ብቻውን ግማሹን ሥራ ይጨርሳል።

ውሃው ላይ ሳይሰምጥ የሚሮጠውን ረጅም እግር ያለው ቀጭን ነፍሳት ሁሉም ሰው አይቶታል። አራት እግር ብቻ ያለው ይመስላል፤ ስድስት ናቸው፤ ሁለቱ የፊት እግሮቹ አጭር ስለሆኑና አደን ለመያዝ አጥፎ ስለሚያስቀምጣቸው ነው። እግሮቹን የሸፈኑት ጥቃቅን ፀጉሮች ውሃ አያስጠጉም። ሰው አይነካም። ውሃ ላይ የወደቁ ዝንቦችንና ጉንዳኖችን ይበላል፤ ገንዳ ላይ ከታየ በመረብ ማውጣት በቂ ነው።

እዚያው ውሃ ገጽ ላይ በቡድን እየተሽከረከረች ዓይን የምታደክመው ጥቁር አንጸባራቂ ጥንዚዛ ደግሞ ሌላ ናት። በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች «የውሃ እናት» እየተባለች ትታወቃለች። ዓይኖቿ ለሁለት የተከፈሉ ናቸው፤ የላይኛው ክፍል ከውሃው በላይ ያለውን፣ የታችኛው ከውሃው ሥር ያለውን ያያል። ኢትዮጵያን ጨምሮ በምሥራቅ አፍሪካ ልጃገረዶች ጡታቸው ቶሎ እንዲያድግ ይህችን ጥንዚዛ ወይም ጠላቂ ዘመዷን ይዘው ጡታቸውን ያስነክሱ እንደነበር በጥናት ተመዝግቧል። ብዙ እናቶች ዛሬ እየሳቁ የሚያወሩት ጉዳይ ነው። ጥንዚዛዎቹ ሲያዙ ጠላትን ለማባረር የሚያመነጩት ፈሳሽ ቆዳን ሊያቃጥል ይችላል፤ ስሜቱ ከዚያ ይመጣ ይሆናል እንጂ ጡት ለማሳደጋቸው ማስረጃ የለም። ለመለየት ከተፈለገ ግን መሽከርከሯ ይበቃል፤ እንደሷ የሚዞር ሌላ የውሃ ነፍሳት የለም።

ከዚያ እግር ይቁጠሩ

አሁን በማጥለያው ያወጡትን ነጩ ሳህን ላይ፣ ከራሱ ከገንዳው ውሃ ጋር ያድርጉት። ስድስት እግር ካለው ነፍሳት ነው፤ ስምንት ከሆነ የሸረሪት ወገን። ምንም እግር የሌለው ሁሉ ግን ትል አይደለም፤ የትንኝና የዝንብ እጮች እግር የላቸውም። አልቅትን ደግሞ በሁለቱም ጫፎቿ እየተለጠፈች በመለጠጥና በመሰብሰብ ስትሄድ መለየት ይቻላል፤ እሷ ነፍሳት አይደለችም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከየብስ ወድቀው የሞቱትን ከውሃ ነፍሳት ጋር ሲቀላቅል ነው። ንብ፣ ጉንዳን፣ የእሳት እራትና የሜዳ ጥንዚዛ በየጠዋቱ ገንዳ ላይ ይገኛሉ፤ ነዋሪ ሳይሆኑ አደጋ የደረሰባቸው መንገደኞች ናቸው። ነዋሪው ሳህኑ ላይ ሲገባ ወዲያው ይዋኛል ወይም ይጠልቃል።

አየሩን ከየት ነው የሚወስደው?

ዋናው እርምጃ ይህ ነው፤ አይቸኩሉበት። ነፍሳቱን ውሃ ወዳለበት ብልቃጥ ያዛውሩና ሲወጣና ሲወርድ ይከታተሉ።

ጠላቂ ጥንዚዛ ወደ ላይ የሚመጣው ቂጡን አስቀድሞ ነው። የኋላ ጫፉን ከውሃው ገጽ ላይ ያወጣና ከጠንካራ ክንፎቹ ሥር አየር ሞልቶ ይወርዳል፤ አንዳንዴ ከኋላው የምታበራ የአየር አረፋ ትታያለች። ሌላው የውሃ ጥንዚዛ፣ የበሰበሰ ቅጠል የሚበላው፣ በጭንቅላቱ በኩል ይወጣል፤ ከሆዱ ሥርም ብር የመሰለ የአየር ሽፋን ይይዛል። ሁለቱ በቅርጽ እጅግ ስለሚመሳሰሉ ባለሙያ ያልሆነ ሰው ዓይን ያምታታሉ፤ አወጣጣቸውና አዋዋናቸው ግን አያምታታም። ጠላቂው ሁለቱን የኋላ እግሮቹን በአንድ ጊዜ እየቀዘፈ በቀጥታ ይሄዳል፤ ሌላኛው እግሮቹን እያፈራረቀ ይንቀሳቀሳል።

ከኋላው ረጅም ቀጭን መርፌ የሚመስል ነገር ያለው፣ የፊት እግሮቹ እንደ መቆንጠጫ የታጠፉ፣ ጠፍጣፋና ቡናማ ነፍሳት ካገኙ ሰው ሁሉ ጊንጥ ነው ብሎ ይሸሻል። ያ መርፌ ግን መተንፈሻ ቱቦ ነው፤ ጫፉን ከውሃው በላይ አውጥቶ አየር ይስባል። መርዝ የለውም። ሊወጋ የሚችለው ከፊት በኩል፣ በአፉ ነው።

አየር ለመውሰድ ወደ ላይ የማይወጡም አሉ። የውሃ ተርብ ልጆች፣ ማለትም ቀን ቀን ኩሬ ላይ የሚያንዣብቡት ባለ ረጅም ጅራትና ባለ አራት ክንፍ ነፍሳት ገና ክንፍ ሳያወጡ፣ እዚያው ውሃው ውስጥ ይተነፍሳሉ። ቀጫጭኖቹ ጅራታቸው ጫፍ ላይ ሦስት ቅጠል መሳይ ስንጥቦች አሏቸው። ወፍራሞቹ ደግሞ ውሃ በቂጣቸው በኩል እያስገቡና እያስወጡ ይተነፍሳሉ፤ ሲደነግጡ ያንኑ ውሃ በኃይል ገፍተው ወደፊት ይወረወራሉ። ከአገጫቸው ሥር የታጠፈ ክንድ የሚመስል የአፍ ክፍል አላቸው፤ አደናቸው ሲቀርብ በቅጽበት ይዘረጋና ይይዛል። በማንኪያ ጀርባ ቀስ አድርገው ጭንቅላቱን ቢገለብጡት ይህን መሣሪያ በዓይን ማየት ይቻላል።

የውሃ ነፍሳት ለምን መዋኛ ገንዳ ላይ እንደሚያርፉ የሚገርመው ሰው ካለ መልሱ ብርሃን ነው። ብዙዎቹ ውሃን የሚያውቁት ከገጹ ላይ ተንጸባርቆ በአግድም አቅጣጫ በሚርገበገበው (ፖላራይዝድ) ብርሃን ነው። በሃንጋሪ የተደረጉ ጥናቶች የውሃ ተርቦች በተወለወለ ጥቁር የመቃብር ድንጋይ፣ ሌሎች የውሃ ነፍሳት ደግሞ በቀይና በጥቁር መኪና ገጽ እንደሚታለሉ አሳይተዋል። መኪናን ኩሬ ነው ብሎ እንቁላል ለሚጥል ነፍሳት ሰማያዊ ገንዳ ቤተ መንግሥት ነው።

ሁለቱ ቀዛፊዎች

መዋኛ ገንዳ ላይ ከሁሉ የሚበዙት፣ ሰውንም ከሁሉ የሚያወዛግቡት ሁለት ነፍሳት ናቸው። ሁለቱም ብዙውን ጊዜ ከአንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር አይበልጡም፤ ሁለቱም ጠባብና ጀልባ መሳይ ናቸው፤ ሁለቱም ረጃጅም ባለ ፀጉር የኋላ እግሮቻቸውን እንደ መቅዘፊያ ይጠቀማሉ። አንዱ ግን ጀርባውን ወደ ላይ አድርጎ ይዋኛል፤ ሌላው ተገልብጦ፣ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ። ጉዳዩ በዚሁ ያልቃል።

ጀርባው ወደ ላይ የሆነው ኮሪክሲዴ ከሚባለው ቤተሰብ ነው። በአብዛኛው አልጌና ከታች የተጠራቀመ ብስባሽ ይመገባል፤ ሰው አይነክስም። የዚህ ቤተሰብ የቅርብ ዘመድ የሆነ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ የሚረዝም አንድ የአውሮፓ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት ላይ ከሰውነቱ አንጻር እጅግ ከፍተኛ ድምፅ ከሚያወጡ እንስሳት ተርታ ተመድቧል፤ የተለካው ከፍተኛ ድምፁ 99.2 ዴሲቤል ነበር። የኮሪክሲዴ ገንዳ ላይ መታየት አንድ ነገር ይናገራል፦ አልጌ አለ።

ተገልብጦ የሚዋኘው ኖቶኔክቲዴ ነው። አየሩን በሆዱ በኩል ባሉ ፀጉሮች መካከል ይይዛል፤ ሲያርፍ የኋላ ጫፉን ከውሃው ገጽ ጋር አገናኝቶ ይንጠለጠላል። ሥጋ በል ነው፤ በሹል አፉም አጥብቆ ይወጋል። የተወጋ ሰው ንብ የነደፈችው ይመስለዋል። በአፍሪካ ኩሬዎች ከሚገኙት መካከል አኒሶፕስ የሚባሉት ቀጫጭንና ነጣ ያሉ ናቸው፤ ሰውነታቸው ውስጥ ሂሞግሎቢን ስላለ ኦክስጅን አጠራቅመው ሳይወጡም ሳይወርዱም ውሃው መሐል ላይ ተንሳፍፈው መቆየት ይችላሉ።

ይህ ተናካሽ ጠቃሚም ነው። የትንኝ እጮችን ይበላል፤ ከዚያም በላይ መኖሩ ብቻ ያስፈራል። በእስራኤል የሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት አንዲት የትንኝ ዝርያ ይህ አዳኝ ያለበትን ውሃ በጠረኑ ለይታ እንቁላሏን ሌላ ቦታ ትጥላለች። እንግዲህ ዓሣ በሌለው የጓሮ ኩሬ ላይ ካገኙት አይንኩት። ልጆች በሚዋኙበት ገንዳ ላይ ከሆነ ግን መውጣት አለበት።

ከነዚህ ጋር የማይምታታው ትልቁ የሥጋ ዘመዳቸው ግዙፉ የውሃ ትኋን ነው። ጠፍጣፋ፣ ቡናማ፣ አንዳንዱ ዝርያ ከ7 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ እንቁራሪትና ትናንሽ ዓሣ የሚይዝ ነፍሳት ነው። በአንዳንዶቹ ዝርያዎች ሴቷ እንቁላሏን ወንዱ ጀርባ ላይ ትለጥፋለች፤ እሱም እስኪፈለፈሉ ተሸክሞ ይዞራል። ማታ መብራት ተከትሎ ይበርራል፤ ሲያዝ የሞተ ይመስላል፤ የሞተ ነው ብሎ በእጁ ያነሣው ሰው ይጸጸታል። በማጥለያ ወይም በአካፋ ብቻ ያውጡት። የተወጋ ሰው ቦታውን በሳሙና ይታጠብና ቀዝቃዛ ነገር ይያዝበት፤ ፊት ወይም አንገት ካበጠ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ጤና ተቋም መሄድ ነው።

ቀዩ «ትል»

በገንዳው ወለል ላይ ወይም በጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ በቧንቧ የሚወርድ ቀይ፣ የሚጥመለመል፣ ክር የመሰለ ነገር ብዙ ሰው የሆድ ትል ይመስለዋል። አይደለም። የማትነክስ ትንኝ መሳይ ዝንብ እጭ ነው። ቅላቱ ከሂሞግሎቢን ይመጣል፤ ኦክስጅን በጠፋበት ጭቃ ውስጥ የሚያኖረው ይኸው ነው። ከታች በዝቃጩ ውስጥ ከጭቃ የሠራት ቱቦ ውስጥ ይኖራል። እሱ ከታየ ሮቶው ክፍት ነው፣ ከሥሩም ዝቃጭ ተጠራቅሟል ማለት ነው። ባዶ አድርጎ መፈግፈግ፣ ክዳኑን መግጠም፣ የአየር መውጫውን በጥቅጥቅ ወንፊት መሸፈን መፍትሔው ነው።

በጣም የሚያሳስበው

ከላይ ያሉት ነፍሳት ቢበዛ የሚወጉ ናቸው። የትንኝ እጭ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱንም የሚለየው አተነፋፈሱ ነው።

እጅዎ ወይም ጥላዎ ሲያርፍበት እየተቆለመመ ወደ ታች የሚሸሽ፣ ትንሽ ቆይቶም ወደ ላይ የሚመለስ እግር አልባ ነገር ካዩ የትንኝ እጭ ነው። አሁን ዝም ብለው እስኪረጋጋ ይጠብቁት። በቂጡ በኩል ባለ ቱቦ ተንጠልጥሎ፣ ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ከቆመ ኩሌክስ ወይም ኤዲስ የሚባል የትንኝ ወገን ነው። ቱቦ ከሌለውና ከውሃው ገጽ ጋር ትይዩ ሆኖ አግድም ከተኛ አኖፌለስ ነው፤ የወባ ትንኝ። ልዩነቱ በዓይን ይታያል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አንድ ጊዜ ያየ ሰው አይረሳውም። ከእጩ ቀጥሎ ያለው ጭንቅላቱ ትልቅ፣ ጅራቱ የታጠፈው ጎባጣ ደረጃ ፑፓ ይባላል፤ እሱ ከታየ ትንኟ ለመውጣት የቀራት ቀናት ብቻ ነው። በሞቃት ቦታ ከእንቁላል እስከ ክንፍ ያለው ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ነው።

የቆመ ውሃ ለወባ ምን ያህል እንደሚያጋልጥ ኢትዮጵያ ውስጥ በቁጥር ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ1999 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የታተመውና ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር የሆኑት ቴዎድሮስ አድኃኖም ከባልደረቦቻቸው ጋር በትግራይ የሠሩት ጥናት፣ በትናንሽ ግድቦች አቅራቢያ በሚኖሩ ሕፃናት ላይ ወባ ራቅ ብለው ከሚኖሩት ሰባት እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ግድቦቹ አያስፈልጉም ማለት አይደለም፤ ውሃውን የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል ማለት እንጂ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ወደ ከተማ ገብቷል። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው፣ ከደቡብ እስያና ከዓረብ ልሳነ ምድር የመጣችው የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ተገኘች። በ2022 በድሬዳዋ የተነሣውን የወባ ወረርሽኝም ጥናት ከእሷ ጋር አያይዞታል። ይህች ትንኝ ረግረግ አትፈልግም፤ በርሜል፣ ሮቶ፣ ለግንባታ የተቆፈረ የውሃ ጉድጓድና የተተወ ገንዳ ይበቃታል። እጯን ከሌላው አኖፌለስ በዓይን መለየት አይቻልም፤ ያ የላቦራቶሪ ሥራ ነው።

ካወቁት በኋላ

በመዋኛ ገንዳ ላይ የፀረ ተባይ መድኃኒት ቦታ የለውም። ነፍሳቱን በመረብ ያውጡ፤ ከዚያ የመጡበትን ምክንያት ያስወግዱ። ግድግዳውንና ደረጃውን በብሩሽ ፈግፍገው አልጌውን ያንሡ፣ ማጣሪያውን ያጽዱ፣ ነፃ ክሎሪኑን በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም፣ ፒኤቹን ከ7.2 እስከ 7.8 ያድርጉና እዚያው ይጠብቁት። አልጌው ሲጠፋ በሊው ይሄዳል፤ በሊው ሲሄድ ተናካሹም የሚበላው ያጣል። የገንዳውን ዳር መብራት ማታ ማጥፋት ደግሞ ምንም ወጪ የለውም። አንዳንዶች ፈሳሽ ሳሙና ጠብ ያደርጋሉ፤ የውሃውን ገጽ ውጥረት ስለሚሰብር ከላይ የሚተነፍሱትን ያሰምጣል፤ ነገር ግን አረፋው ማጣሪያውን ያስቸግራል፣ አልጌውም እዚያው ይቀራል። አይመከርም።

በኩሬ ላይ ሥራው ተቃራኒ ነው፦ ክሎሪን የለም፣ ሳሙና የለም፣ የመዋኛ ገንዳ ውሃም አይደፋበትም። የውሃ ተርብ ልጆች፣ ተገልብጠው የሚዋኙትና ጠላቂ ጥንዚዛዎች የትንኝ እጭ ስለሚበሉ በሰላም ይኑሩ።

በርሜልና ባልዲ ላይ ደግሞ ክዳን ነው። ውሃውን በየሳምንቱ መለወጥ ብቻ አይበቃም፤ የኤዲስ እንቁላል ከዕቃው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ድርቀትን ይቋቋማል፣ ስለዚህ ውስጡን መፈግፈግ ያስፈልጋል። በነጩ ሳህንዎ ላይ አግድም የተኛ እጭ ካዩም ፎቶ ያንሡት፣ የተገኘበትን ዕቃና ቀን ይጻፉ፣ ውሃውን ደረቅ መሬት ላይ ይድፉና ለቀበሌዎ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በዚያው ቀን ያሳውቁ።